ቆሞ የሚከርም ትራክተር ባትሪው እንዳይሞት

ፉሪ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከሸገር ከተማ ክፍለ ከተሞች አንዱ ብትሆንም ከእርሷ ወደ ሰበታና ወደ በቾ የሚዘረጋው ሜዳ የእርሻ ሜዳ ነው። በዚህ ጥቁር አፈር በሚበዛበት አገር ክረምቱ ሲበረታ ጭቃው ትራክተር አያስገባም። በበጋ ከወንዝ ውሃ እየሳበ አትክልት የሚያጠጣው የናፍጣ ፓምፕም ዝናቡ ሲጥል ሥራ ይፈታል። በመሆኑም የብዙ ማኅበራት መሣሪያ ከሐምሌ ጀምሮ ለሳምንታት ቆሞ ይከርማል።

ጉዳቱ የሚታየው ዝናቡ ሲያልፍ ነው። ሽምብራና ጓያ የሚዘሩት ክረምቱ ሲያበቃ አፈሩ ባጠራቀመው እርጥበት ነው፤ ያ እርጥበት ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። በዚያ ሰዓት ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው “ጠቅ” ብሎ ዝም ካለ፣ ባትሪው ወርዶ እስኪሞላ ወይም አዲስ እስኪገዛ ድረስ ተራ የያዙት አባላት ሁሉ ይቆማሉ።

ባትሪው ለምን ይደክማል?

ባትሪን የሚገድለው ሥራ ብቻ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ዋነኛው ጠላቱ ኃይሉ ጎድሎ ለረጅም ጊዜ መቆሙ ነው። የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ማንም ሳይነካው በየቀኑ ጥቂት ኃይል ያጣል። ሲጎድል በእርሳስ ሳህኖቹ ላይ የሚፈጠረው ነጭ ውሁድ እየጠጠረ ይሄዳል። ከጠጠረ በኋላ ባትሪው ቢሞላም የቀድሞ ጉልበቱ አይመለስም።

ሳይጠፋ የቀረ መብራት ደግሞ ጉዳቱን ያፋጥነዋል። አንድ 5 ዋት አምፖል ብቻ ሲበራ ቢከርም 100 አምፒር ሰዓት የሚይዝ ባለ 12 ቮልት ባትሪ በ10 ቀን ገደማ ባዶ ይሆናል። በባትሪው አናት ላይ የተጠራቀመ እርጥብ አቧራም በሁለቱ ራሶች መካከል ኃይል ያሾልካል።

ከመቆሙ በፊት

ትራክተሩ ወይም ፓምፑ ሊቆም ሲል በመጀመሪያ ባትሪውን መሙላት ይገባል። ቀጥሎ ገመዱ ይፈታል። ቺያቬው የመኪናውን አካል ነክቶ እሳት እንዳይረጭ አስቀድሞ የሚፈታው ኔጌቲቩ ነው፤ ሲታሰርም የሚታሰረው መጨረሻ ላይ ነው። የባትሪው አናት በደረቅ ጨርቅ ይወለወላል፤ ራሶቹ ይጸዱና ግራሶ ይቀባሉ። ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ከሆነ የጎደለው በተጣራ የባትሪ ውሃ እንጂ በቧንቧ ወይም በወንዝ ውሃ አይሞላም።

ወር በገባ ቁጥር ኃይሉ ይለካል። የተሞላ ባትሪ አርፎ ሲለካ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል። ከ12.4 በታች ከወረደ እንደገና መሙላት ያስፈልጋል። በሚሞላበት ቤት ሲጋራም ሆነ ኩራዝ አይቅረብ፤ ከባትሪው የሚወጣው ጋዝ ይፈነዳል።

ሞተሩን በየሳምንቱ ለአምስት ደቂቃ አስነስቶ ማጥፋት እንደ ጥገና ሲቆጠር ይታያል። ነገር ግን አጭሩ ጊዜ ለማስነሳት የወጣውን ኃይል በሚገባ አይተካም፤ በማርሚታው ውስጥም እርጥበት ይተዋል። ባትሪ ሲሚንቶ ላይ ሲቀመጥ ይሞታል የሚባለውም ለዛሬዎቹ ባለ ፕላስቲክ ባትሪዎች አይሠራም። ለእነርሱ የሚያስፈልጋቸው ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ነው።

ገለባ፣ ቅጠልና አይጥ

ትራክተር ከጭድ ክምር አጠገብ ማቆም አይጥን እንደ መጋበዝ ነው። አይጥ የመብራት ሽቦ ይበላል፤ በአየር ፊልትሮው ውስጥም ጎጆ ይሠራል። በሞተሩ ዙሪያ የተሰገሰገ ገለባ ሞተሩ ሲግል እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ከባሕር ዛፍ ሥር የቆመ ትራክተርም በራዲያተሩ ላይ ቅጠል ይከመርበታል። ስለዚህ መሣሪያው ከመቆሙ በፊት ተጠርጎ የአየር መሳቢያውና የማርሚታው አፍ ይሸፈናል። ሳይከፈት እንዳይነሳም በመሪው ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰራል። ሸራው ዝናብ እንዲከለክል፣ ከሥር ግን አየር እንዲያስገባ ሆኖ ይዘርጋ። ዙሪያውን የታፈነ ላስቲክ እርጥበት ይዞ ብረቱን ያዝጋል። የፓምፑም ውሃ ተንጠፍጥፎ የመሳቢያው ወንፊት ከደለል ይጸዳል።

ቆሞ የሚከርም መሣሪያ ሁሉ ሕጉ አንድ ነው። በሐይቅ ላይ የሚሠራ የሞተር ጀልባ ሳይሸፈን ከቆመ ቅጠል የውሃ መውጫውን ይደፍናል፤ ዝናብ በሆዱ ይጠራቀማል። ያን ውሃ የሚተፋው ትንሽ ፓምፕ ባትሪውን ጨርሶ ዝም ሲል ጀልባው ሊሰጥም ይችላል። ጥፋቱ የጀመረው ሳይጠረግ ከቀረ ቅጠል ነው።

የመሪዎች ድርሻ

የጋራ መሣሪያ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ጠባቂው ሳይለይ ሲቀር ነው። የማኅበር መሪዎች ከሰኔ በፊት አንድ ኃላፊ ቢመድቡ፣ ገመዱ የተፈታበት፣ ባትሪው የተለካበትና የተሞላበት ቀን በደብተር ቢመዘገብ፣ ከዘር ወቅት 15 ቀን አስቀድሞም ሞተሩ ተነስቶ ቢፈተሽ፣ ጉድለቱ ገና ሥራ ሳይጀመር ይታወቃል። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ በክረምት የሚውል የአንድ ሰዓት ጥንቃቄ የዘር ቀን ከማለፍ ያድናል።