ፑሚስ ያለበት ሲሚንቶ ደካማ ነውን?

ሲሚንቶ መደብር ጎራ ላለ ሰው በቅድሚያ የሚቀርብለት ጥያቄ «ኦፒሲ ነው ፒፒሲ?» የሚል ነው። ቤት ለመሥራት ጥሪቱን ያሟጠጠው ገዢ ብዙውን ጊዜ የሚያውቀው ፒፒሲ ዋጋው ቀነስ እንደሚል ብቻ ነው። ርካሽ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ተቀላቅሎበታል ብሎ ይጠረጥራል።

በእርግጥም ተቀላቅሎበታል፤ የተቀላቀለው ግን ፑሚስ ነው። ፑሚስ እሳተ ገሞራ የተፋው ቀላል ድንጋይ ሲሆን፣ በስምጥ ሸለቆ፣ በሞጆና በአዳማ አካባቢ ይገኛል። ፋብሪካዎች በ1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ከሚቃጠለው ክሊንከር ከፊሉን በፑሚስ ይተካሉ። ፑሚስ እንደ ክሊንከር ስለማይቃጠል ነዳጅ ይቆጥባል።

ጥንካሬውስ? ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ሲዋሐድ ከማጣበቂያው ጎን ለጎን ኖራ ይፈጠራል። ይህ ኖራ ለጥንካሬ እምብዛም አይረዳም። በፑሚስ ውስጥ ያለው ሲሊካ ግን ይህንኑ ኖራ ወደ ተጨማሪ ማጣበቂያ ይለውጠዋል፤ አርማታውም ውሃ የማሳለፍ አቅሙ ይቀንሳል። ከ1,900 ዓመት ገደማ በፊት ሮም ላይ የተሠራው ፓንቴዮን፣ 43 ሜትር ስፋት ያለውን ጉልላቱን ያለ ፌሮ ተሸክሞ እስከ ዛሬ ቆሟል። የአርማታው ማያያዣ ኖራና የእሳተ ገሞራ አመድ ነው።

ችግሩ ጊዜ ነው። ይህ ለውጥ ሳምንታት ስለሚፈጅ ፒፒሲ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከኦፒሲ ያነሰ ጥንካሬ ይኖረዋል። ውሃ በሚገባ ከጠጣ ግን ልዩነቱ እየጠበበ ይሄዳል፤ ውሎ አድሮም ሊበልጠው ይችላል። ኮንትራክተሩ በኦፒሲ ልማድ የሶለታውን ድጋፍ ቶሎ ቢያነሳ፣ ግንበኛውም ሁለት ቀን ውሃ አጠጥቶ ቢተወው ጥፋቱ የሲሚንቶው አይደለም። በፒፒሲ የተሞላ አርማታ ሁለት ሳምንት ያህል ሳይደርቅ ሊቆይ ይገባዋል።

ገዢው በከረጢቱ ላይ ያለውን ቁጥርም ይመልከት። 32.5 ወይም 42.5 የሚለው ሲሚንቶው በ28 ቀን የሚደርስበት የጥንካሬ ደረጃ ነው። ለግንብና ለልስን 32.5 ይበቃል፤ ለኮለን፣ ለቢምና ለሶለታ 42.5 ይመረጣል። ለብሎኬት የመጣውን ፑሚስ በሲሚንቶ ፈንታ መጨመር ግን አያዋጣም፤ እንደ ሲሚንቶ ካልላመ የሚተካው ጠጠርን ነው።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል። የተሰነጠቀ ሶለታ ግን አይለቀምም፤ ፒፒሲ የገዛ ሰው ከዋጋው የቆጠበውን በትዕግሥት ይክፈል።