ጡብ ሰባሪው ኳስ

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ በአየር ጤናም ሆነ በዓለም ባንክ ሰፈር፣ ልጆች ኳስን ከግንብ ጋር እያላተሙ ሲጫወቱ ማየት የተለመደ ነው። ኳሱ ግንቡን መትቶ ይመለሳል፤ ልጁም ወደሚያርፍበት ስፍራ ቀድሞ ይደርሳል። ይህን ጨዋታ በቴሌቪዥን መስኮት ላይ አስቀምጠን፣ ግንቡ በተመታ ቁጥር አንድ ጡብ ይጎድልበታል ብንል፣ «ብሬክአውት» የተባለውን ጨዋታ እናገኛለን።

ብሬክአውትን እ.ኤ.አ. በ1976 ለገበያ ያቀረበው አታሪ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። በመስኮቱ ላይኛ ክፍል 112 ጡቦች በ8 ረድፍ ተደርድረዋል። ከታች ወደ ግራና ወደ ቀኝ ብቻ የሚሄድ አጭር መመከቻ አለ። ቢጫ ጡብ 1፣ አረንጓዴ 3፣ ብርቱካናማ 5፣ ከሁሉ በላይ ያለው ቀይ 7 ነጥብ ያስገኛል። እያንዳንዱ ቀለም 28 ጡብ ስላለው፣ ግንቡን በሙሉ ያፈረሰ ተጫዋች 448 ነጥብ ያገኛል። ቀለሙ ግን ከመሣሪያው የሚመነጭ አልነበረም፤ በጥቁርና ነጭ መስኮት ላይ ባለቀለም ስስ ፕላስቲክ ይለጠፍ ነበር።

ኳሱ የጎን ግድግዳን ሲነካ የግራና የቀኝ አቅጣጫውን ብቻ ይገለብጣል፤ ሽቅብ ወይም ቁልቁል ጉዞው አይለወጥም። ስለዚህ የመጣበትና የሚመለስበት ማዕዘን እኩል ናቸው። ይህም ስለ ብርሃን ነጸብራቅ በፊዚክስ ትምህርት ከምታውቁት ሕግ ጋር ይመሳሰላል። ብልህ ተጫዋች ጡቦቹን በዘፈቀደ አይመታም፤ በአንድ ጥግ ቀዳዳ ከፍቶ ኳሱን ከግንቡ ጀርባ ያስገባል። ኳሱ ግን ጣሪያውን በነካ ጊዜ መመከቻው በግማሽ ያጥራል። ድሉ ራሱ ፈተናውን ያከብደዋል ማለት ነው።

በዚያን ጊዜ ጨዋታው እንደ ዛሬው በፕሮግራም የሚመራ አልነበረም፤ እያንዳንዱ ሕግ በሽቦና በቺፕ የተገነባ ነበር። በአታሪ ይሠራ የነበረው ስቲቭ ጆብስ የቺፖቹ ቁጥር እንዲቀነስ ጓደኛውን ስቲቭ ዎዝኒያክን ለመነው። ዎዝኒያክ ቀን በሌላ ኩባንያ ሥራው ላይ እየዋለ፣ ሌሊቱን እየነቃ፣ ንድፉን በ4 ቀን እንደ ጨረሰ ተርኳል። ሥራው እጅግ ቁጥብ ነበር። ይሁን እንጂ እጅግ ከመጠጋጋቱ የተነሣ የኩባንያው መሐንዲሶች ሊያባዙት አልቻሉም፤ ለገበያ የቀረበውም ሌላ ንድፍ ሆነ።

ድካሙ ግን ከንቱ አልቀረም። ዎዝኒያክ እ.ኤ.አ. በ1977 ለገበያ የቀረበውን አፕል 2 ኮምፒዩተር ሲሠራ፣ ብሬክአውትን በፕሮግራም መጻፍ እንዲቻል ብሎ ቀለምን፣ ድምፅንና የመመከቻ መቆጣጠሪያን ጨመረበት። በሽቦ ብዙ ጊዜ ይፈጅ የነበረው ለውጥ ጥቂት መስመር በመጻፍ የሚፈጸም ሆነ።

ከዚህ ታሪክ ድርሰት ጸሐፊም የሚማረው አለ። ቁጥብነት መልካም ነው፤ ነገር ግን አንባቢ ሊከተለው የማይችል ቁጥብ ጽሑፍ፣ አዋቂ ሠርቶት ማንም እንዳልተጠቀመበት ንድፍ ይሆናል። እናንተም በሰፈራችሁ የምታውቁትን አንድ ጨዋታ ምረጡ፤ ከዚያም አይቶት የማያውቅ ሰው አንብቦ ሊጫወተው እስኪችል ድረስ ሕጉን በቅደም ተከተል አስረዱ።