«ምን ገደለው?» ብሎ የጠየቀ ጥናት

ያለ ወሩ የተወለደ ሕፃን ሲሞት ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ «ጊዜው አልደረሰማ!» ይላል። የሕክምና መዝገቡም ብዙ ጊዜ ከዚህ አያልፍም። ነገር ግን ከ37 ሳምንት በፊት የሚወለዱ ብዙ ሕፃናት ይተርፋሉ። የቀሩትን የሚገድላቸው ምንድን ነው?

ይህን ለመለየት በፕሮፌሰር ሉሉ ሙሄ የተመራ ጥናት ከሐምሌ 2016 እስከ ግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. በጥቁር አንበሳ፣ በጋንዲ መታሰቢያ፣ በቅዱስ ጳውሎስ፣ በጎንደርና በጅማ ሆስፒታሎች 4,919 ሕፃናትን መዝግቧል። መጀመሪያ ሕፃኑ በእርግጥ ያለ ወሩ መወለዱን ማረጋገጥ ያሻል። እናት የመጨረሻ የወር አበባዋን ቀን ላታስታውስ፣ አልትራሳውንድም በጊዜው ላትነሳ ትችላለች። ያኔ ሐኪም የሚተማመነው በሕፃኑ ገላ ነው፤ ውስጥ እግሩ መስመር አውጥቷል ወይስ ልሙጥ ነው? ጆሮው ሲያጥፉት ቶሎ ይመለሳል ወይስ እንደታጠፈ ይቀራል?

ወደ ጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ከገቡት 3,852 ሕፃናት 1,109ኙ 28 ቀን ሳይሞላቸው ሞቱ። ምክንያቱን በእርግጠኝነት ለማወቅ የደምና የራጅ ውጤት ብቻውን አይበቃም፤ አስከሬን መመርመር ያስፈልጋል። በእኛ አገር ቀብር በሚቸኮልበት ሰዓት፣ ለልጁ ገና ስም ያላወጣ አባት ዘንድ ሄዶ ይህን መጠየቅ ምን ያህል እንደሚከብድ ለአንባቢ መንገር አያሻም። ሆኖም የ441 ሕፃናት አስከሬን ሙሉ ምርመራ ተደረገለት፤ ከሞቱት ከአስሩ አራቱ ማለት ነው። ስለ ጥናቱ ሲወራ የእነዚያ ወላጆች ፈቃድ ከሐኪሞቹ ሥራ እኩል መነሳት ያለበት ይመስለኛል።

ገለልተኛ የባለሙያዎች ቡድን ማስረጃውን ሁሉ አይቶ እንደደመደመው፣ 45 በመቶዎቹን የገደለው የሳንባ አለመብሰል ያመጣው የመተንፈስ ችግር ነው። የበሰለ ሳንባ ሰርፋክታንት የሚባል ፈሳሽ አለው፤ የአየር ከረጢቶቹ ስንተነፍስ ተጣብቀው እንዳይቀሩ የሚያደርገው እሱ ነው። ያለ ወሩ የመጣ ሕፃን ይህ ስለሚያንሰው እያንዳንዱን ትንፋሽ ታግሎ ያመጣዋል። በ1963 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የኬኔዲ ልጅ ፓትሪክ የሞተው በዚሁ በሽታ ነው፤ የአባቱ ሥልጣን አላዳነውም፣ መድኃኒቱ ገና አልተገኘም ነበርና። ዛሬ ሰርፋክታንቱ ራሱ በመድኃኒትነት ይሰጣል፣ ለመተንፈስ የሚረዳ ሲፓፕ የሚባል መሣሪያም አለ። ቀላሉ ዓይነት ሲፓፕ በአፍንጫ በኩል አየር ይገፋል፤ የመውጫ ቱቦው ጫፍ ውኃ ውስጥ ይጠልቃል፣ ውኃው ቡልቅ ቡልቅ እስካለ ድረስ ግፊቱ አለ ማለት ነው።

ኢንፌክሽን 30 በመቶ፣ በወሊድ ጊዜ መታፈን 14 በመቶ ድርሻ ነበራቸው።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ቁጥር ነው። ከሞቱት 69 በመቶ የሚሆኑት ላይ ብርድ ሞቱን አባብሶታል። ሲፓፕና ሰርፋክታንት ገንዘብ ይጠይቃሉ እንበል፤ ሙቀት ግን የእናት ደረት ላይ አለ። በ1978 እ.ኤ.አ. በኮሎምቢያ ቦጎታ ዶክተር ኤድጋር ሬይ ማሞቂያ ቢያጥራቸው ትንንሾቹን አራሶች እናቶቻቸው ደረት ላይ፣ ገላ ከገላ አጣብቀው ማሳቀፍ ጀመሩ። የካንጋሮ እናት እንክብካቤ የሚባለው ይህ ነው።

ለብዙ ዓመታት ሕፃኑ ከተረጋጋ በኋላ ብቻ ይደረግ ነበር። በ2021 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመው የጋና፣ የሕንድ፣ የማላዊ፣ የናይጄሪያና የታንዛኒያ ጥናት ግን ወዲያው ከተወለዱ ጀምሮ የታቀፉት ሕፃናት ሞት በ25 በመቶ ቀንሶ አገኘው። ጥቅሙ ግልጽ ስለሆነ ሙከራው ከታሰበለት ጊዜ ቀድሞ ቆመ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 እ.ኤ.አ. መመሪያውን ለወጠ።

እናቶችና አያቶች፣ አራስ ለማጠብ አትቸኩሉ፤ ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆይ። ትንሽ ሆኖ የተወለደውን ደግሞ ወደ ሆስፒታል ስትወስዱት ኮፍያ አድርጉለትና ደረታችሁ ላይ ለጥፋችሁ ውሰዱት።