ተጨማሪ መረጃ፦ ዘንባባና የሶዶ ብርድ

በወላይታ ዞን ከአባያ ሐይቅ ዳር (1,200 ሜትር ገደማ) ተነስተን ወደ ሶዶ ከተማ (2,000 ሜትር ገደማ) ብንወጣ ሙቀቱ በአማካይ 5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ዓመቱን ሙሉ ሙቀት የሚሻው ኮኮናት በዚህ ከፍታ ይቀጭጫል፤ ለሆሳዕና በዓል ቅጠሉ የሚፈለገው አገር በቀሉ ዘንባባ ግን ይችለዋል።

ሁለቱን ለመለየት ቅጠላቸውን ጠጋ ብሎ ማየት ነው። በዘንባባ ዘንግ ግራና ቀኝ የተደረደሩት ቀጫጭን ቅጠሎች መሃላቸው ላይ ታጥፈው እንደ ቦይ ወደ ላይ ይከፈታሉ፤ ወደ ግንዱ የቀረቡት ደግሞ ጠንካራ እሾህ ሆነዋል። የኮኮናት ቅጠሎች ወደ ታች ይታጠፋሉ፤ እሾህም የላቸውም።

ብርድ እነዚህን ዛፎች የሚገድለው በአናታቸው ያለውን ብቸኛ እምቡጥ ሲያገኘው ነው። እሱ ከሞተ ግንዱ ዳግመኛ አያድግም። አገር በቀሉ ዘንባባ ግን ከሥሩ ደጋግሞ ስለሚያቆጠቁጥ አንዱ ግንድ ቢሞት ሌላው ይተካዋል፤ ለሶዶና ለዳሞታ ተራራ ግርጌ ከሁሉ ተመራጭ የሚሆነውም በዚህ ነው። ችግኙ ሌሊት ቀዝቃዛ አየር ከሚተኛበት ረባዳ ይልቅ ተዳፋት ላይ፣ ወይም ፀሐይ ሲሞቅ በሚውል ግድግዳ ጥግ ይተከል፤ ሥሩም በገለባ ይሸፈን።