ጌሾ፣ የጓሮው መራራ

ማር በውኃ ተበጥብጦ ጌሾ ካልገባበት ብርዝ ነው፤ ለልጅም፣ መጠጥ ለማይቀምስም ሰው ይቀርባል። ጠጅ የሚሆነው ጌሾ ሲጠነሰስበት ነው። ይህን የሚያደርገው ቁጥቋጦ ግን ከአጥሩ ጥግ፣ ከጎመኑ አጠገብ ቆሞ ዓመቱን ሙሉ ዞር ብሎ የሚያየው የለም።

ቅጠሉ ፊቱ ቅቤ እንደተቀባ ያብረቀርቃል፣ ጀርባው ፈዘዝ ይላል። በጋ ቢመጣም አይራቆትም። አበባው ቢጫማ አረንጓዴና ደቃቃ በመሆኑ ከቅርብ ካላዩት አይታይም፤ ንቦች ግን አይስቱትም። ቀፎ ባለበት ግቢ ንቧ ከጌሾ አበባ ቀስማ የሠራችው ማር ኋላ ከዚያው ከጌሾው እንጨት ጋር በአንድ ጋን ይገናኛል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል። አተር የሚያክለው ፍሬ መጀመሪያ ይቀላል፣ ሲበስልም ይጠቁራል።

ለዘር የሚሆነው ይኸው የጠቆረው ፍሬ ነው። ሥጋው ታጥቦ ይለይና ዘሩ ሳይቆይ መደብ ላይ ይዘራል፤ ችግኙ ክረምቱ ሲገባ ይተከላል። ጌሾ ከ1,400 እስከ 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚበቅል የአዲስ አበባ ጓሮ ይስማማዋል። ውኃ የሚያቁር መሬት ግን አይምረጡለት።

ዝም ካሉት እስከ 6 ሜትር ይደርሳል፣ ቅጠሉም ከእጅ ይርቃል። ጫፉን ሲቀነጥቡት ከጎን ያቆጠቁጣል። ሙልጭ አድርጎ መሸምጠጥ ግን በተክሉ ላይ ግፍ ነው፤ የሚያገግምበት ቅጠል ይተውለት።

ለጠላ ቅጠሉ ደርቆ ይወቀጣል፤ ለጠጅ ተከትክቶ የሚገባው በተለይ እንጨቱ ነው። መራራነቱ የማሩን ጣፋጭነት ያርቃል፣ መጠጡ ቶሎ እንዳይኮመጥጥም ይረዳል። የአውሮፓ ቢራ ጠማቂዎች ሆፕ ከሚባለው ተክል የሚያገኙት ይህንኑ ነው። ባሕር ማዶ ያሉ ወገኖቻችንም ከሐበሻ ሱቅ ደረቁን ጌሾ ገዝተው ይጠምቃሉ።

በዓል ሲቃረብ ያ የተረሳ ጥግ ሰው ይበዛበታል። ጎረቤት ሰፌድ ይዛ ብቅ ትላለች፦ «እትዬ፣ ልጠነስስ ነበር፤ ትንሽ ጌሾ ቢሰጡኝ?» እትዬም ሰፌዱን ተቀብለው ራሳቸው ይገባሉ። የጎለመሰውን ቅጠል እየለዩ ይለቅማሉ፣ ለጋውን ጫፍ ግን አይነኩም።