ችግኝዎ የመጀመሪያውን በጋ እንዲያልፍ

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቆ ነበር። አዎ፣ መትከል በአንድ ቀን ያልቃል። የችግኙ ፈተና ግን የሚጀምረው መስከረም ጠብቶ ዝናቡ ሲያባራ ነው።

ለምን ይደርቃል? በላስቲክ ያደገ ችግኝ ሥሩ አጭር ነው። አፈር ደግሞ መድረቅ የሚጀምረው ከላይ ነው። ሥሩ ወደ ጥልቁ እስኪወርድ ድረስ ውኃ የሚያገኘው ከእርስዎ እጅ ነው።

ምን ያህል ይጠጣል? በሳምንት አንዴ 5 ሊትር ያህል፣ ቀስ ብሎ እየሰረገ ይበቃዋል። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ቢያርከፈክፉለት ሥሩ ላይ ላዩን ይቀራል። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ግንቦት መጨረሻ 32 ሳምንት ገደማ አለ። ስለዚህ አንድ ችግኝ 160 ሊትር፣ ማለትም 8 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይፈልጋል። 10 ከተከሉ 80 ጀሪካን ነው። ውኃው ከሩቅ የሚቀዳ ከሆነ ይህን አስልተው ይትከሉ። 50 ተክሎ ከማድረቅ 10 ተክሎ ማሳደግ ይሻላል።

ውኃ መቆጠብ ይቻላል? ይቻላል። በዙሪያው ውኃ የሚያቁር ጎድጓዳ ያብጁ። ተዳፋት ላይ ከሆነ በታችኛው በኩል አፈሩን እንደ ግማሽ ጨረቃ ይከምሩ። ከዚያ በደረቅ ሣር ወይም በገለባ ይጎዝጉዙት፤ ጉዝጓዙ አፈሩን ከፀሐይ ይጋርዳል። ከግንዱ ግን አንድ ስንዝር ይራቅ፤ እርጥበቱ ልጡን ያበሰብሳል። ውኃ የሚሻማውን አረምም ይንቀሉ።

ከብትስ? እህል ተሰብስቦ ከብቱ ሲለቀቅ አንዲት ፍየል የዓመት ድካም በአንድ ጉርሻ ትጨርሳለች። የእሾህ አጥር የሚጠይቀው ጉልበት ብቻ ነው። ፍየል በኋላ እግሯ ቆማ ስለምትቀነጥስ፣ የችግኙ ጫፍ ከአፏ በላይ እስኪሆን አጥሩን አያንሡ። በደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ያሉት ዕድሜ ጠገብ ዛፎችም የድንጋይ አጥር አላቸው።

እንደ ደባርቅና ዳባት ባሉ ደጋማ ቦታዎች ላሉ ወገኖች ውርጭም አለ። ከኅዳር እስከ ጥር ለጋውን ችግኝ ማታ በሣር ሸፍነው ጠዋት ይግለጡት።

እስከ መቼ? በሁለተኛው በጋ በሁለት ሳምንት አንዴ ያጠጡ። በሦስተኛው ቅጠሉ ሲጠወልግ ብቻ። የሞተውን ምን እንደገደለው አይተው ሰኔ ላይ ይተኩ።

ወይራና ጥድ ቶሎ አይመዘዙም። ሁለት ዓመት ባሉበት የቆሙ ቢመስልዎ ተስፋ አይቁረጡ፤ ሥራቸው ወደ ታች እየወረደ ነው።