የአሮጌ ኡራል የእጅ ፍሬን፦ ድንጋይ ማስደገፍ ለምን አይበቃም? እንዴትስ ይመለሳል?

በደርግ ጊዜ ከሶቪየት ኅብረት ለሠራዊቱ የገቡትን ኡራሎች የማያውቅ ሹፌር ጥቂት ነው። ሞተሩ ይነሳል፣ ማርሹ ይገባል፣ የእጅ ፍሬኑ ግን ወይ አይሠራም ወይ ጭራሽ የለም። "ምን ችግር አለው፣ ድንጋይ አስደግፍበት" ይባላል። ባዶውን 8 ቶን ገደማ የሚመዝን መኪና ነው እንግዲህ በድንጋይ የሚቆመው! ዛሬ ይህ ፍሬን የት እንዳለ፣ ለምን እንደሚጠፋና እንዴት እንደሚመለስ እናያለን።

🔧 የት ነው ያለው?

ኡራል 375 እ.ኤ.አ. በ1961፣ ናፍጣው ኡራል 4320 ደግሞ በ1977 ማምረት የተጀመረው ሚያስ በተባለችው የሩሲያ ከተማ ነው። በሁለቱም ላይ የእጅ ፍሬኑ ያለው ጎማ ላይ አይደለም። ከካምቢዮው በስተኋላ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ትራንስፈር አለ። ከእሱ ወደ ኋላ በሚወጣው ዘንግ ላይ አንድ ታምቡር ተገጥሟል። እጀታው ሲሳብ ሁለት የፍሬን ሸራዎች ከውስጥ ተከፍተው ታምቡሩን ይይዙታል። ዘንጉ ሲያዝ የኋላ ጎማዎቹ ይያዛሉ። አየርም ዘይትም አያስፈልገውም፤ ሥራው በብረት ዘንግና በእጅ ጉልበት ብቻ ነው።

🔧 ማርሽ ውስጥ አስገብቶ ማቆምስ?

አይበቃም። ማርሽ መኪናውን የሚይዘው በሞተሩ እምቅታ ነው፤ ያረጀ ሞተር ደግሞ እምቅታው ቀስ እያለ ያመልጠዋል። ትራንስፈሩ ገለልተኛ ላይ ከሆነማ ካምቢዮው የትኛውም ማርሽ ላይ ቢሆን ዋጋ የለውም። የእጅ ፍሬኑ ግን ከትራንስፈሩ በኋላ ስለተገጠመ ያኔም ይይዛል።

የአየር ፍሬኑም አያድንም። ሲኖትራክ የለመደ ሹፌር አየር ሲያልቅ መኪናው በራሱ የሚቆም ይመስለዋል። በሲኖትራክ አየር ሲወርድ ጎማውን የሚይዝ ጠንካራ ስፕሪንግ አለ። አሮጌው ኡራል ላይ ይህ የለም፤ አየሩ ሲያልቅ የፍሬኑ ጉልበት አብሮ ያልቃል። ማታ የቆመ መኪና ጠዋት አየሩን ጨርሶ ሊያድር ይችላል። ያኔ ከሥር የገባ ረዳት ወይም መካኒክ ሊሞት ይችላል።

🔧 ለምን ይጠፋል?

ዋናው ጠላቱ ዘይት ነው። በትራንስፈሩ ጀርባ ዘይት የሚያግደው ጎማ ሲያረጅ ዘይቱ በቀጥታ ታምቡሩ ውስጥ ይገባል። ሸራው ዘይት ከጠጣ አይዝም። ሁለተኛው፣ እጀታውን ሳይመልሱ መንዳት ነው፤ ሸራውን ያቃጥለዋል። ሦስተኛው፣ ትራንስፈር ሲወርድ ፍሬኑን ፈቶ ሳይመልሱ መቅረት ነው።

🔧 እንዴት ይመለሳል?

1. መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙ፤ ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በእንጨት ታኮ ያዙ። ዘንጉ የሚፈታ ከሆነ የእጅ ፍሬኑ ምንም እንደማይዝ አትርሱ።

2. ምን እንደቀረ ቁጠሩ፦ ታምቡር፣ ሸራዎች፣ ስፕሪንጎች፣ ሸራውን የሚከፍተው ክፍል፣ ከእጀታው የሚመጣው ዘንግ። አሮጌ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል አቧራውን በአየር አትንፉት፤ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት።

3. መጀመሪያ የዘይቱን ፍሳሽ አስቁሙ። ይህ ሳይሆን አዲስ ሸራ መግጠም ብር መጣል ነው።

4. የጎደለውን ዕቃ ከዚያው ሞዴል ፈልጉ። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የምትሄዱ ከሆነ አሮጌውን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱና አስተያዩ። የተሰነጠቀ ታምቡር በርካሽም አትግዙ። ያልሆነ ታምቡር በብየዳ ማስገጠም ደግሞ አደጋ ነው፤ ዘንጉ በፍጥነት ሲዞር ይወዛወዛል፣ ሊወልቅም ይችላል።

5. ገጥማችሁ አስተካክሉ። እጀታው ሲመለስ ታምቡሩ ሳይነካ መዞር አለበት፤ ሲሳብ ደግሞ መጨረሻው ጋ ሳይደርስ መያዝ አለበት።

6. ቀለል ያለ ቁልቁለት ላይ ፈትኑ። ታኮውን ከጎማው ትንሽ አርቃችሁ አስቀምጡ፤ ሹፌሩ እግሩን ፍሬን ላይ ያዘጋጅ፤ ከፊትም ከኋላም ሰው አይቁም። ማርሹን አውጥታችሁ የእጅ ፍሬኑ ብቻውን ከያዘ ጥሩ ነው። ከዚያ ጥቂት ነድታችሁ ታምቡሩ መጋሉን እዩ፤ ከጋለ ሸራው እየታከከ ነውና እንደገና አስተካክሉ።

🔧 አቋራጩስ?

አንዳንዱ የፍሬን ዘይቱን ቆልፎ የሚይዝ ቫልቭ ማስገባት ይመርጣል። ለደቂቃ ይይዝ ይሆናል፤ ነገር ግን ዘይቱ ሲቀዘቅዝ ወይም ጥቂት ሲያፈስ ግፊቱ ይወርዳል። ሌሊት ሙሉ መኪና የሚያደር ነገር አይደለም።

በመጨረሻም፣ ይህ ፍሬን ለቆመ መኪና ነው። እየሄዱ መሳብ ታምቡሩን ያግላል፣ ዘንጉንና ዲፈረንሻሉንም ይጎዳል። ፍሬኑ ከተመለሰ በኋላም ቢሆን ቁልቁለት ላይ ታኮ አይቅር፤ ጎማ በክሪክ ሲነሳም እንዲሁ። ታኮ ለእጅ ፍሬን አጋዥ እንጂ ምትክ አይደለም።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ አሮጌ መኪና ለሚነዳ ወይም ከሥሩ ገብቶ ለሚሠራ ወዳጃችሁ አጋሩት። 🙏